አላጨስም ብላችሁ ሳሉን አትናቁት

ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው የሳንባ ካንሰር አይይዘውም የሚለው እምነት፣ ጅማ ተወልዶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል የሚኖረውን ወገናችንን ሳይታወቀው እየጎዳው ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን አሜሪካ በሆስፒታል የራጅ ክፍል ያሳለፍሁ፣ አሁን ዓመቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ጅማ የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ደረቱን ለመነሳት የሚመጣው ሰው ዓይነት ከዓመት ወደ ዓመት ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ጅማ ለእረፍት ስትመጡ በየቡናው ላይ የምነግራችሁን ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው የተነሣሁት።

ነገሩን ሳናጋንን እንጀምር። የሳንባ ካንሰር ዛሬም በአብዛኛው የአዛውንት በሽታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሽታው ሲታወቅ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ ሰባ ገደማ ነው። አጫሹ እየቀነሰ ስለመጣም ጠቅላላ ቁጥሩ ወርዷል። የተለወጠው የታማሚው መልክ ነው። ድሮ የሳንባ ካንሰር ሲባል ለአርባ ዓመት ያጨሱ አባት ነበሩ የሚታሰቡን። አሁን በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ አጭሰው የማያውቁ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በሰልፉ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተወለዱ ነጮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል፤ ልዩነቱንም የማጨስ ልማድ ብቻውን አያስረዳውም ብሏል። በዚያው አገር ከመቶ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በሕይወታቸው አጫሽ ሆነው አያውቁም።

ለምን ቢባል አንድ መልስ የለውም። እኔን ያሳመነኝ ግን ለንደን በሚገኘው የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም ፕሮፌሰር ቻርልስ ስዋንተንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ሥራ ነው። ጤነኛ የሚባል ሳንባ ውስጥ እንኳ ከዕድሜ ጋር የዘረመል ለውጥ የደረሰባቸው ጥቂት ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ብቻቸውን ምንም አያደርጉም። ከመኪና ጭስና ከመሰል ቃጠሎ የሚወጣው፣ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ ወደ ሳንባ ዘልቆ ሲገባ ግን ብግነት ይፈጥራል፣ ብግነቱም እነዚያን ሕዋሳት ይቀሰቅሳቸዋል። ማታ በአመድ የተዳፈነ ፍም ጠዋት እፍ ሲሉበት እንደሚነሣ ማለት ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የተበከለ አየርን በእርግጠኝነት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መዝገብ አስገብቶታል።

እንግዲህ ጥያቄው እናንተ ምን ትተነፍሳላችሁ የሚለው ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ብዙዎቻችሁ ስሙን እንኳ ያልሰማችሁትን ራዶንን ነው። ራዶን በአፈርና በዓለት ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚወጣ ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። በመሠረቱ ስንጥቅ ሾልኮ ቤት ይገባና በታችኛው ወለል ይጠራቀማል። በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር ምክንያት እርሱ ነው፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በዓመት 21 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል ብሎ ይገምታል፣ ከእነዚህም 2,900 የሚሆኑት አጭሰው የማያውቁ ናቸው።

አዲስ የመጣ ወገናችን የት ነው የሚኖረው? ቤዝመንት ውስጥ! ኪራዩ ይረክሳል፣ ከዘመድ ቤት ሥር ነው፣ ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ይተርፋል። ልጆቹም እዚያው ይተኛሉ። በሚኒሶታ ክረምት ደግሞ መስኮት የሚከፍት የለም። የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት ከአምስት ቤቶች በሁለቱ የራዶን መጠኑ እርምጃ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ይላል፤ ኮሎራዶም ከዚያ አትሻልም። አንዳንዶቻችሁ በእነዚህ ቤቶች አሥር ዓመት ኖራችኋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አልለካችሁም።

መለኪያው በቤት ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ወለል ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ በር መስኮቱን ዘግታችሁ ለጥቂት ቀናት ትተዉታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ላቦራቶሪው በፖስታ ትልኩታላችሁ። ውጤቱ በአሜሪካ መለኪያ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቤቱ መስተካከል አለበት። ማስተካከያውም ከወለሉ ሥር ጋዙን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ቧንቧና ማራገቢያ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ቤት የምትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ውጤቱን ጠይቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ቤት ሲሸጥ መለካቱ በሕግ ግዴታ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አመልክቱ። አከራዩ የአገር ልጅ ነው ብላችሁ በይሉኝታ ዝም አትበሉ፤ እርሱም ከላይ ያው ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

በሥራችሁ በኩል በአጭሩ፦ የናፍጣ ጭስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው። የጭነት መኪና የምትነዱ ወንድሞች፣ ቆማችሁ ስትጠብቁ ሞተሩን አጥፉ፣ የውስጥ አየር ማጣሪያውንም በጊዜው አስቀይሩ። ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣችሁ ትኬት የምትቆርጡ ደግሞ የአየር መሳቢያው ይሠራ እንደሆነ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ወደ ጅማ ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ የተነፈሳችሁት የዚህችን ከተማ ጭስ ነውና። ሰጦ ሰመሮ ያለው የአክስቴ ማድ ቤት በቆርቆሮ የተከደነ ጠባብ ክፍል ነው፣ ማገሩ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ከምጣዱ ሥር ሲገባ ጭሱ መጀመሪያ ወለሉን ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣና መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ይወርዳል። ዝናብ ስለሆነ በሩ ገርበብ ብሏል። የልጇ ልጅ ሕፃኑን አዝላ አጠገቧ ቆማለች፣ ሕፃኑ ዓይኑን እያሸ ያስላል። «ጭሱ አያስቸግራችሁም?» ብላት «ልጄ፣ ያለ ጭስ ያደገ ማን አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማንም የለም። የእንጨት ጭስ በካንሰር ምርምር ኤጀንሲው መዝገብ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ተርታ ነው ያለው፤ የድንጋይ ከሰል ጭስ ግን ጥርጥር የለውም። የእንጨቱ ጭስ ካንሰር ባያመጣ እንኳ የሕፃናትን የሳንባ ምችና የእናቶችን የቆየ የሳንባ በሽታ እንደሚያባብስ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ገንዘብ ላኪዎችን ትንሽ ልቆጣ። የሳሎን ሶፋ ለማስቀየር፣ ለቴሌቪዥን፣ ለሠርግ ድንኳን የሚላከው ብዙ ነው። ማድ ቤቱ ግን ማንም እንግዳ ስለማያየው አያት በነበሩበት ዘመን እንደነበረ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቆጣሪው የራሳቸው መሆኑን፣ ሽቦውም ምጣዱን የሚችል መሆኑን በባለሙያ አስፈትሹ፤ አለበለዚያ ምጣዱ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይቀመጣል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚሆን ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃም ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሶፋ ይረክሳል።

ሌላው በርጫ ነው። ጅማ ስትመጡ ከአብሮ አደጎቻችሁ ጋር መቀመጣችሁ አይቀርም፣ አልከለክላችሁም። «እኔ እቅማለሁ እንጂ አላጨስም» የምትሉት ግን ራስን ማታለል ነው። መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ አራቱ እያጨሱ፣ አንዱ ሺሻውን እየሳበ፣ ከቀትር እስከ ማታ የተቀመጠ ሰው አጭሷል። ከአጫሽ ጋር በቤት ወይም በሥራ ቦታ መዋል ለማያጨሰው ሰው የሳንባ ካንሰር ዕድሉን ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምርበታል። ሺሻውን ደግሞ ውኃው ያጣራዋል የሚባለው ተረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት ያህል ሺሻ የሚስብ ሰው ወደ ሳንባው የሚያስገባው የጭስ መጠን የአንድ ሲጋራን መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጋ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ባለቤቱን በጨዋነት ብታስታውሱት ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው። ወጣት ሰው የሳንባ ካንሰር ሲይዘው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተሠራጨ በኋላ ነው። ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም፤ ሐኪሙም፣ ታማሚውም። አሜሪካ ውስጥ በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን የሚደረገው ቅድመ ምርመራ የተፈቀደው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆኑና በቀን አንድ ፓኬት ሂሳብ ለ20 ዓመት ያህል ላጨሱ ብቻ ነው። የሠላሳ አምስት ዓመት እናት ማንም አይጠራትም። የማውቃት አንዲት የጅማ ልጅ ሳል ይዟት ሄዳ መጀመሪያ አለርጂ ተባለች፣ ከዚያ አስም፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ልጅ መሆኗ ሲታይ ቲቢ ተጠረጠረ። አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ሲባል ሁሉም እፎይ አለ። በመጨረሻ ሲቲ ስካን የታዘዘላት ደረጃ ስትወጣ መተንፈስ አቅቷት ራሷ አልሄድም ብላ ስለተቀመጠች ነው። ጨዋነቷ ነበር የጎዳት፤ ሐኪም አይጠየቅም ብላ ነው ያደገችው፣ እንደ ሁላችንም።

ስለዚህ ሳል ከሦስት ሳምንት ካለፈ ቀጠሮ ያዙ። ሁለት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ወስዳችሁ ካልተሻላችሁ፣ የሳንባ ምቹ በዚያው ቦታ ከተመላለሰ፣ አክታ ላይ ደም ከታየ፣ ድምፅ ከሰለለ፣ ሳትጦሙ ከከሳችሁ፣ «ካንሰር እንዳልሆነ በምን አረጋገጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራጅ ንጹሕ ነው መባልም ብቻውን አይበቃም፤ ከልብ ጀርባ የተደበቀ ትንሽ እብጠት በራጅ ሊያልፍ እንደሚችል እኔ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ምልክቱ ከቀጠለ ሲቲ ስካን ጠይቁ። አስተርጓሚ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ማስፈራራቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወጣትና አጭሰው የማያውቁ ሕሙማን ላይ ኢጂኤፍአር፣ ኤኤልኬ ወይም ሮስ 1 የሚባሉ የዘረመል ለውጦች የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ያለ ነው፣ ለእነዚህም በአፍ የሚዋጥ ዒላማውን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ ውጤት፣ ኤኤልኬ ያለበት ካንሰር ተሠራጭቶባቸው በመጀመሪያ ሕክምናነት ሎርላቲኒብ የሚባለውን እንዲህ ያለ መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች መካከል ከአምስት ዓመት በኋላም 60 በመቶ የሚሆኑት በሽታቸው አልገፋም። አራተኛ ደረጃ ተብሎ ተስፋ የሚቆረጥበት ዘመን አይደለም። ሐኪሙ ሕክምና ልጀምር ሲላችሁ «የዘረመል ምርመራው ውጤት መጥቷል? ካልመጣ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው ኢሚዩኖቴራፒ አስቀድሞ ከተሰጠ በኋላ አንዳንዱ እንክብል ሲከተል ሳንባን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላል። ጸበሉንም ዱዓውንም ከመድኃኒቱ ጋር አድርጉት።

መደበቅን ተዉ። እኛ ዘንድ ካንሰር ስሙ አይጠራም፣ «ያ በሽታ» ይባላል። ሚኒሶታ ያለው ወንድም ሲታመም ጅማ ላለችው እናት አይነገርም፣ ጅማ ያለው አባት ሲታመም ልጆቹ ሥራ እንዳይፈቱ አይነገራቸውም። ለእናትየው መንገሩን በጊዜው አድርጉት፣ እርሱን ለእናንተ እተዋለሁ። እህትና ወንድም ግን ማወቅ አለባቸው፤ ሐኪም «በቤተሰብ የታመመ አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «የለም» ብለው የሚመልሱት ስላልተነገራቸው ነው።

በመጨረሻ ስለ ሻንጣው። ጅማ ያለ ዘመድ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት ሲባል፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው የተረፈ ወይም በጓደኛ በኩል የተገኘ ውድ እንክብል ይዞ ይመጣል። የዘረመል ለውጡ ከሌለ ያ እንክብል አይሠራም፣ ጉበትና ሳንባም ሊጎዳ ይችላል። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ለምርመራው አውጡት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የካንሰር ሕክምና ክፍል አለ፣ በዚያ ካሉት ሐኪሞች ጋር ዘመዳችሁ ባለበት በስልክ ተነጋገሩ። ከሰውነት የተወሰደው ናሙና በሰም ውስጥ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ይቆያልና ከተወሰደበት ላቦራቶሪ መጠየቅ ይቻላል፤ ከናሙናው ጋር የፓቶሎጂ (ናሙናው የተመረመረበትን) ውጤት ቅጂ፣ የሲቲ ስካኑን ምስል በሲዲ፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ስምና ቀን ተቀበሉ። ናሙናውን ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት የሚቀበለው ላቦራቶሪ ምን ያህል ቁራጭና የትኛውን የፈቃድ ወረቀት እንደሚፈልግ በኢሜይል አስጽፉት።