ልጆች ይዞ አንኮበር ደርሶ መልስ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን የ5 እና የ8 ዓመት ልጆቼን ይዤ አንኮበርን በአንድ ቀን አይተን መመለስ እንችላለን?

መልስ፦ በሚገባ! መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ይነሱ፤ ከቆላው የሚወጣው ጉም ገደሉን ከሸፈነው የሚታይ ነገር የለም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ የሚወጣው በእግር ነው፤ አቀበቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትንሹን እያሳረፉ። ከጥንቱ ሕንፃ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው፤ በኋላ በአምሳሉ ሎጅ ተሠርቶ ነበር። ይህን አስቀድመው ካልነገሯቸው «ቤተ መንግሥቱ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። ጭላዳ ሲያዩ ዳቦ ቆሎውን ይደብቁ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ይነጥቃል። ፀሐይ ቢወጣም ሹራብ ቤት አይተዉ። የሚሄዱት በሕዝብ መኪና ከሆነ፣ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲወርዱ እዚያው ይጠይቁ።