የሚጻፈው ስምና የሚነበበው ስም

ወንድማችን የጠየቁት ይህ ነው፦ አይሁድ አምላካቸውን «ይሖዋ» ይሉታል ወይስ «ያህዌ»? «ኤሎሂም» ብዙ ቁጥር ከሆነስ ጥንት ብዙ አማልክት ያመልኩ ነበር ማለት ነው?

ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ሁለቱንም አይልም። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ከ6,800 ጊዜ በላይ የተጻፈው ስም አራት ፊደል ነው፦ ዮድ፣ ሄ፣ ቫቭ፣ ሄ። በጸሎትና በኦሪት ንባብ ዓይን እነዚህን እያየ አፍ «አዶናይ» ይላል፤ «ጌታዬ» ማለት ነው። ከጸሎት ውጭ ደግሞ አዶናይም ይከበርና «ሃሼም» ይባላል፣ ትርጉሙ «ስሙ»። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚሰሙት «ባሩክ ሃሼም» የእኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። የሚጻፈውና የሚነበበው የተለያየ መሆኑን ከያዝን አብዛኛው ግራ መጋባት ይፈታል።

«ይሖዋ» የመጣውም ከዚሁ ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን በውስጡ ይዞ ነው የሚጻፈው፤ በ፣ ቡ፣ ቢ እያለ ይሄዳል። ዕብራይስጥ ግን ተነባቢውን ብቻ ይጽፍ ነበር። ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን በጥብርያዶስና በአካባቢው የነበሩ የንባብ ሊቃውንት የአናባቢ ነጥቦችን ሲያኖሩ፣ በአራቱ ፊደላት ላይ የአዶናይን አናባቢ አደረጉ። ምልክቱ አንባቢውን «አዶናይ በል» የሚል ማስታወሻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የአንዱን ተነባቢ ከሌላው አናባቢ ጋር አጋጥሞ ሲያነብ «ይሖዋ» ይወጣል። ማስረጃው እዚያው ገጹ ላይ አለ፦ ከስሙ ቀጥሎ ወይም በፊት «አዶናይ» ራሱ ተጽፎ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ አዶናይ እንዳይባል ስሙ የኤሎሂምን አናባቢ ይለብሳል። ነጥቦቹ የስሙ የራሱ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ስም ሁለት አነባበብ ባልኖረው። «ያህዌ» ከጥንት የግሪክ ጽሑፎችና ከሰዋስው ተነሥተው ሊቃውንት የደረሱበት ግምት ነው፤ ጠንካራ ግምት ነው፣ ግን በምኩራብ አይሰማም።

ወደ ኤሎሂም ስንመጣ፣ ስሙን ትተው ግሱን ይመልከቱ። ዘፍጥረት 1፥1 «ባራ ኤሎሂም» ይላል፤ «ባራ» «ፈጠረ» እንጂ «ፈጠሩ» አይደለም። በአሥርቱ ትእዛዛት «ኤሎሂም አሔሪም» ሲል ግን ቅጽሉም በዝቷል፤ «ሌሎች አማልክት» ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የግእዙ «አምላክ» ራሱ በአሠራሩ የብዙ ቁጥር መልክ ያለው ቃል ነው፤ ሆኖም አንድን ስለምናመልክበት ብዙውን «አማልክት» ብለን ለየነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ስሞች ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔር» ስለሚል ልዩነቱ አይታየንም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ ያለው ኤሎሂም ነው፤ ከ2፥4 ጀምሮ «እግዚአብሔር አምላክ» የሚለው አራቱ ፊደላት ከኤሎሂም ጋር ነው። ረቢዎቹ ልዩነቱን ሲያብራሩ ኤሎሂም በፍርድ ሲቀመጥ፣ አራቱ ፊደላት ሲምር የሚጠራበት ነው ይላሉ። አንድ አምላክ በሥራው ልክ ይጠራል። «ሼኺናም» እንዲሁ «ማደር» ከሚለው ግስ የወጣ የመገኘቱ መጠሪያ ነው እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ሴት አምላክ አይደለችም።

«ከጥንት ጀምሮ ተጠርቶ አያውቅም» የሚለውም ስሕተት ነው። በጥንቷ የይሁዳ ከተማ በላኪሽ በተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በተጻፉ የሸክላ ስባሪ ደብዳቤዎች ላይ ወታደሮች ሰላምታቸውን የሚከፍቱት በዚሁ ስም ነው። በቤተ መቅደሱ ካህናት ሲባርኩ እንደተጻፈው ይጠሩት ነበር፤ በዮም ኪፑር፣ በስርየት ቀን፣ ሊቀ ካህናቱ 10 ጊዜ ይጠራው እንደነበር የረቢዎች የሕግና የትውፊት ስብስብ የሆነው ታልሙድ ይናገራል።

ጥንቃቄው ከሁሉ በላይ የሚታየው በጸሐፊው እጅ ነው። ጸሐፊው፣ ሶፌር የሚባለው፣ ስሙ ጋ ሲደርስ «ለስሙ ቅድስና» ብሎ በአፉ ተናግሮ ይጽፋል፤ እየጻፈ ሳለ የእስራኤል ንጉሥ ሰላም ቢለው እንኳ አይመልስም። ታልሙድ እንዲህ ያለ ነገር ያነሣል፦ ስሙ ሊጻፍ በሚገባው ቦታ ጸሐፊው «ይሁዳ» ሊጽፍ አስቦ ዳሌትን ቢዘልስ? ይሁዳ ዮድ፣ ሄ፣ ቫቭ፣ ዳሌት፣ ሄ ነው፤ ዳሌት ስትወጣ ብራናው ላይ የቀረው ስሙ ራሱ ነው። ረቢ ይሁዳ ብዕሩን በላዩ መልሶ ይቀድሰው አለ፤ ሊቃውንቱ ግን ይህ የተመረጠ አይደለም አሉ። ፊደሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሐሳቡ አልነበረበትምና።

አንዴ ከተጻፉ መፋቅ የተከለከሉ ስሞች ሰባት ናቸው፤ አራቱ ፊደላት፣ ኤል፣ ኤሎሂም፣ ሻዳይና ጸባኦት ከነዚህ ናቸው። «መሐሪ»፣ «ታላቅ»፣ «ኃያል» የመሳሰሉት መገለጫ ስለሆኑ ይፋቃሉ። ከስሙ በፊት የተለጠፈ ፊደል ይፋቃል፤ በኋላው የተለጠፈው፣ ለምሳሌ «አምላክህ» ሲል ያለው የ«ህ» ምልክት፣ ስሙ ስለቀደሰው አይፋቅም። ያረጀው ጽሑፍ ጌኒዛ በሚባል ስፍራ ተቀምጦ ይቀበራል። ብዙ ረቢዎች ክልከላው በዕብራይስጥ ለተጻፈው ነው ስለሚሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ «እግዚአብሔር» ወይም ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ቢጠፋ ችግር የለውም። በዕብራይስጥ የታተመ የጸሎት ወረቀት እጅዎ ቢገባ ግን ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት፤ አቅራቢያዎ ምኩራብ ካለ ለጌኒዛው ይስጡ።