ከመውጣቷ በፊት ሕፃኑ ሲጠባ እይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አራስ ክፍል አዲስ ተመድበሻል። እናቶቹ እዚያ ሳሉ “እሺ” ብለው ቤት ሲገቡ ጡጦ ይጀምራሉ፤ ሆስፒታሉ ምን ቢያደርግ ይሻላል ነው ያልሽው። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ምክር ብቻውን አይበቃም። “እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ” የሚለውን እናትየዋ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ሰምታዋለች። የቸገራት ሕፃኑ ጡት አልይዝ ማለቱ ነው። ስለዚህ ወንበር ሳቢና አጠገቧ ቁጭ በይ። ሲጠባ እይ። አፉ በደንብ ተከፍቷል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? ጫፉን ብቻ ከጎረሰ ያቆስላታል፣ ወተቱም እንደ ልብ አይወርድለትም። ይህን አንድ ባለሙያ ሳያይ ማንም እናት መውጣት የለባትም ባይ ነኝ።

አንዷን አልረሳትም። በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ወሩ ግንቦት፣ ክፍሉ ወበቅ፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። እናቷ በቡና ስኒ ስኳር በውሃ በጥብጠው ማንኪያ ይዘዋል። “በዚህ ሙቀት ጉሮሮው ይድረቅ እንዴ?” አሉኝ። አልተቆጣኋቸውም። ትራስ ደገፍ አድርጌ ሕፃኑን በብብቷ ሥር አስተኛሁት፤ እግሩ ወደ ኋላዋ ስለሆነ ቁስሏን አልነካም። ጡቷን ጨመቅ ስታደርገው ቢጫው እንገር ጠብ አለ። “እማማ፣ ይኸው ውሃውም ምግቡም” አልኳቸው። ሕፃኑ ጎረሰ። ሲውጥ ጎንበስ ብለው ሰሙት። ማንኪያውን አስቀመጡት።

የድሬ ሙቀት ቀላል ተከራካሪ አይደለም። የእናት ጡት ወተት ከ80 በመቶ በላይ ውሃ መሆኑን ለአያቶች በግልጽ ንገሪያቸው። ሲሞቅ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ውሃውን እናትየዋ ትጠጣ። አያቶችን ከክፍል ማስወጣት ትልቅ ስህተት ነው፤ ቤት ውስጥ ወሳኞቹ እነሱ ናቸው። ደግሞ በአማርኛ ብቻ አይሆንም። በኦሮምኛም በሶማሊኛም የሚያስረዳ ሰው በየፈረቃው መኖር አለበት።

በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ይሁን። እናትና ልጅ ደህና ከሆኑ ክብደቱን መመዘኑ ይቆያል።

አሁን ትልቁ ክፍተት። እናት ዛሬ ወልዳ ነገ ትወጣለች። ወተቱ ግን በብዛት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው። ጡቱ የሚወጠረው፣ “ወተቴ አይበቃውም” የሚባለው ቤት ነው። ብዙዎቹ የሚመለሱት ለ45 ቀኑ ክትባት ነው፤ ያኔ ጡጦው ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሩት ለሕፃናት ምቹ ሆስፒታል አሠራር 10 እርምጃዎች አሉት፤ የመጨረሻው ከወጡ በኋላ ስለሚደረግ ድጋፍ ነው። እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ቀጠሮ ስጧት። ጡቷ ቢቆስል ወይም ቢያተኩሳት ሳትሰለፍ የምትገባበት አንዲት ክፍል ትኑር። የክፍሉን ስልክ ካርዷ ላይ ጻፊላት። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስቴና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ክብደቱም ከጨመረ እየበቃው እንደሆነ አስረጃት፤ ልቅሶ ብቻውን የረሃብ ምልክት አይደለም።

ስለ ዱቄት ወተት ላነሳሽው፦ ሐኪም በምክንያት ያዘዘው ሕፃን ይሰጠው፣ እናቱንም ማንም አያሳቅቃት። ናሙናና የኩባንያ ፖስተር ግን እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ ጤና ተቋም ውስጥ ክልክል ነው። ግድግዳችሁ ላይ ካለ ነገውኑ ለክፍሉ ኃላፊ ንገሪና ይነሳ።