«1000ቤዝ-ቲ» የሚለው ጽሑፍ ሲነበብ

ጥያቄ፦ የቢሯችን ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ «10/100/1000ቤዝ-ቲ» ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ ኮምፒውተር ግን ከ100 ሜጋቢት አያልፍም። ከጎን ካለው ሕንፃ ጋር በፋይበር ለመገናኘት የገዛናቸው ሁለት ሞጁሎችም አንዱ «1000ቤዝ-ኤስኤክስ»፣ ሌላው «1000ቤዝ-ኤልኤክስ» ሆነው አልተገናኙም። እነዚህ ፊደሎች ምን ይነግሩናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ያለው ቁጥር ፍጥነት ነው፤ ጂ ከሌለበት በሜጋቢት፣ ካለበት በጊጋቢት በሰከንድ። «ቤዝ» ቤዝባንድ ማለት ነው፤ ምልክቱ በሌላ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ሳይጫን በቀጥታ ይላካል። ዛሬ የሚገዙት ሁሉ ቤዝ ስለሆነ ይለፉት። ዋናው ነገር ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። በጥንቱ ኮአክሲያል ኬብል (መሃሉ ላይ አንድ ሽቦ ያለው ክብ ኬብል) ዘመን እዚያ ቦታ ርቀት ይጻፍ ነበር፦ 10ቤዝ5 እስከ 500 ሜትር፣ 10ቤዝ2 ወደ 200 ሜትር፤ የሁለተኛው እውነተኛ ገደብ ግን 185 ነው።

ቲ የተጠማዘዘ ጥንድ የመዳብ ሽቦን ያመለክታል። 100ቤዝ-ቲኤክስ ሁለት ጥንድ ብቻ (ፒን 1፣ 2፣ 3 እና 6) ሲጠቀም 1000ቤዝ-ቲ አራቱንም ይፈልጋል። የፍጥነት ድርድሩ (ሁለቱ ጫፎች በየትኛው ፍጥነት እንደሚሠሩ የሚስማሙበት) የሚካሄደው በ1-2 እና በ3-6 ስለሆነ ሰማያዊው (4-5) ወይም ቡናማው (7-8) ቢላቀቅም ሁለቱ ጫፎች 1000 ላይ ይስማማሉ፤ ከዚያ ግን ግንኙነቱ አይነሳም። ብዙ የኔትወርክ ካርዶች ያኔ በራሳቸው ወደ 100 ይወርዳሉ። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ካርድ ጊጋቢት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ስምንቱንም ሽቦ በቴስተር ይፈትሹ። የተበላሸውን ጫፍ ቆርጠው፣ ጥምዝማዙን ከ13 ሚሊሜትር በላይ ሳይፈቱ እንደገና ክሪምፕ ያድርጉ (ሶኬቱን በመቆንጠጫ ያጥብቁ)። በነገራችን ላይ ካርቶን ላይ «1000ቤዝ-ቲኤክስ» ቢያዩ አይደናገጡ፤ በዚያ ስም የወጣው ደረጃ ገበያ አላገኘም፣ ሻጮች ለማለት የፈለጉት አብዛኛውን ጊዜ 1000ቤዝ-ቲ ነው።

ፋይበሩ ላይ ኤስ አጭር የሞገድ ርዝመት (850 ናኖሜትር)፣ ኤል ረጅም (1310 ናኖሜትር) ነው። አንዱ የሚልከውን ብርሃን ሌላው እንዲቀበል አልተሠራም፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። የትኛውን እንደሚያስቀሩ ኬብሉ ይወስናል። የውጭ ኬብል ልባሱ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስለሆነ በቀለም አይገምቱ፤ የታተመበትን ያንብቡ። «ኦኤስ2» ካለ ሲንግል ሞድ (ብርሃኑ በአንድ መንገድ ብቻ የሚሄድበት ፋይበር) ነው፤ ሁለት ኤልኤክስ እስከ 5 ኪሎሜትር ይሠራሉ። «ኦኤም3» ካለ መልቲ ሞድ (ብርሃኑ በብዙ መንገድ የሚሄድበት) ነው፤ ሁለት ኤስኤክስ እስከ 550 ሜትር ይበቃሉ። መጨረሻ ላይ ያለው ኤክስ የኮድ አሠራሩን (ዳታው ወደ ምልክት የሚቀየርበትን መንገድ) ይገልጻል፤ በ10 ጊጋቢት ቦታውን አር ይዞታል። «10ጂቤዝ-ኤስአር» ሞጁል በ850 ናኖሜትር ቢሠራም ከኤስኤክስ ጋር የማይግባባው በፍጥነቱም በኮዱም ስለሚለይ ነው።