ለፒንክ ሳልሞን ጠያቂው ወንድሜ፦ ከዘንጉ በፊት እስክሪብቶ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሲያትል አጠገብ ኬንት ነው የምኖረው፣ ዘንድሮ 2025 ፒንክ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ዓመት ነው ሲሉ ሰማሁ፣ በፍላይ ዘንግ (በላባ የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ በሚወረወርበት ማጥመጃ) መሞከር እፈልጋለሁ፣ ምን ልግዛ፣ የት ልሂድ ነው ያልከው። ከሥር ደግሞ ሰዉ «ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ምን አደከመህ» እያለ ሲቀልድብህ ነበር። ተዋቸው። እኔ በ2021ም በ2023ም ወርጃለሁ። መጀመሪያ ተቀጣሁ፤ በሁለተኛው ፍሪዘሬ አልዘጋ ብሎ ለጎረቤት አደልኩ። በአጭሩ ልንገርህ፣ ማሳጠር ከቻልኩ።

1. ጊዜው። የዚህ ዓሣ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው፣ አለቀ። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ይራባና ይሞታል። በእኛ ሰፈር፣ ፒውጀት ሳውንድ በሚባለው የሲያትል ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉት ወንዞች፣ በገፍ የሚመጣው በጎዶሎ ዓመት ነው። በፈረንጁ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በእኛማ ከሄድክ ነሐሴ 2017 ጀምሮ መስከረም 2018 ላይ ስለሚጨርስ ጎዶሎም ሙሉም ነው። ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለውን አታሳልፍ። ካመለጠህ እስከ 2027 ቁጭ ነው።

2. ዕቃው። እዚህ ላይ አንጀቴ ያርራል። ከቤቴ ብዙ የማይርቅ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ገብቼ «ለሳልሞን» አልኩት። ልጁ የትኛው ሳልሞን ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። ዘጠኝ ቁጥር ዘንግና ተንሳፋፊ ክር ሸክፎ ሰጠኝ። የዘንግ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ለከባድ ዓሣ ነው። ፒንክ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ፓውንድ ነው። ዘጠኝ ቁጥር ማለት ዶሮ በመጥረቢያ ማረድ ነው። የክሩ ደግሞ ባሰ። ዓሣው ታች በታች ይሄዳል፣ የእኔ ዝንብ ላይ ላዩን ትንሸራሸራለች። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ልቀይር ስመለስ «ውሃ የነካ አንቀበልም» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። ከዚያ ለጓደኛው የሆነ ነገር አንሾካሾከና ሳቁ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ ግን ሰማሁት።

አንተ ስድስት ወይም ሰባት ቁጥር ዘንግ፣ ጫፉ የሚሰምጥ ክር፣ አሥር ፓውንድ የሚችል አጭር ሊደር (ክሩን ከዝንቧ የሚያገናኘው ቀጭን ክር) ያዝ። ያገለገለ ብትገዛም ይበቃሃል። ዝንቧ ሮዝ ትሁን። ሌላ ቀለም የሚመክርህ ካለ አመስግነህ እለፈው። እኔ የምወደው ማራቡ የሚባለው ለስላሳ ላባ ያላትን ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆማ እንኳን ላባዋ ይርገበገባል። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ማራቡ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። እዚያ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ከኋላ ቆሞ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው ለካ! ድሮ ላባው ከእሱ ነበር የሚመጣው። ዛሬ የተርኪ ላባ ነው፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ልጅ ሆኜ በድንጋይ ያባረርኩት ወፍ ሲያትል ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

3. ፈቃድ። ላይሰንስ እንደሚያስፈልግ ታውቃለህ። የማታውቀው ካርዷን ነው። ካች ካርድ የሚሏት አለች፣ የያዝከውንና ልትወስደው ያሰብከውን ሳልሞን ወዲያውኑ በእስክሪብቶ የምትጽፍባት። ወዲያውኑ ማለት ወዲያውኑ ነው። መኪናው ጋ ስደርስ፣ እጄ ሲደርቅ ማለት አይደለም።

በ2021 ግሪን ወንዝ ላይ ነኝ። ክሩን በሌላ ብር ቀይሬ የመጀመሪያዬን ያዝኩ። ጮህኩ፤ በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ፈረንጅ ሰው የሰመጠ መስሏቸው ደነገጡ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። እጄ ልጋግ በልጋግ ነው፣ ካርዷ በፌስታል ተጠቅልላ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት፣ እስክሪብቶው መኪና ውስጥ። ሦስተኛውን ልያዝና አንድ ላይ እጽፋለሁ አልኩ። ወርውሬ ዞር ስል ዩኒፎርም የለበሰ የዓሣ ማጥመድ ሕግ አስከባሪ ዛፍ ሥር ቆሟል፣ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ በመነጽር ሲያየኝ ቆይቷል። «ቆንጆ ዓሣ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። እኔም ፈገግ አልኩ። «ካርድህን» አለኝ። ባዶ። እስክሪብቶው መኪና ውስጥ ነው፣ አሁን ልሄድ ነበር፣ አዲስ ነኝ፣ ያልቀባጠርኩት የለም። «ደግመህ ስትወረውር አይቼሃለሁ» አለ። በቃ፣ ቲኬት።

ሰውዬው ጨዋ ነበር፣ አልዋሽም። ያበገነኝ በኋላ ስለ ቲኬቱ ልጠይቅ የደወልኩበት ቢሮ ነው። ሴትዮዋ አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቴም በእንግሊዝኛ አልፈልግም አልኳት። ከዚያ ያዝ ብላ ሄደች፣ ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጥኩ፣ ተቋረጠ። ከፈልኩት። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ ባለቤቴም እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለች።

አሁን እስክሪብቶዬ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጎን ይንጠለጠላል። ልጆቼ ይስቁብኛል። በነገራችን ላይ ልጅ ይዘህ ከሄድክ ከ15 ዓመት በታች ያለ ላይሰንስ አይጠየቅም፣ ካርዷ ግን ለእሱም ታስፈልገዋለች።

4. ለካ ወንዝም ጠይቀኸኛል። ግሪን ደጃፍህ ነው፣ ሌላ ምን ፈለግህ። ታች ቱክዊላን ሲያልፍ ዱዋሚሽ ይባላል። እዚያ ለዓመታት በፋብሪካ የተበከለ ስለሆነ ኗሪውን ዓሣና ክራቡን እንዳትበላ፤ ሳልሞኑ ግን አላፊ አግዳሚ ነው፣ ይበላል። ፑያሉፕ ዓሣ ሞልቶታል፣ ግን ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ነው፣ በፍላይ ስትወረውር የሰው ኮፍያ ነው የምትይዘው። ውሃውም ከሬኒየር ተራራ በረዶ ስለሚመጣ ድፍርስ ነው። ስካይኮሚሽ ራቅ ቢልም የጠጠር ዳርቻው ሰፊ ነው። የትም ሂድ፣ ደንቡ በሳምንት ውስጥ ሊቀየር ስለሚችል ጠዋት ከቤት ሳትወጣ የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትን ድረ ገጽ እይ። የነባሮቹ የአሜሪካ ሕንዶች ጎሳዎች መረብ ስታይ ደግሞ ከሚያጉረመርሙት ጋር አትደርብ። በውል የያዙት መብት ነው፣ በ1974 ዳኛ ቦልት ከሚያዘው ግማሹ ድርሻቸው ነው ብሎ ፈርዷል።

አያያዙን በተመለከተ፣ እስከ ደረትህ አትግባ። ሰዉ ገብቶ ወደ መሃል ይወረውራል፣ ዓሣው በጀርባው ያልፋል። ፒንክ ዝግ ያለ ውሃ ይወዳል፣ በሰው እርምጃ የሚሄድ። ወደ ማዶ ትንሽ ወደ ታች አድርገህ ወርውር፣ አምስት ቁጠር፣ ትስመጥ፣ ከዚያ ስንዝር በስንዝር እየሳብክ አምጣት። ሲይዝ አይመነጭቅም። ክሩ እርጥብ ፎጣ የያዘ ያህል ከበድ ይልሃል፣ ያኔ ዘንጉን አንሳ። ዝም ብለህ የምትነጥቅ ከሆነ ጀርባውን ወይ ጅራቱን ትወጋዋለህ፣ አፉ ውስጥ ያልተያዘ ደግሞ መልቀቅ ግዴታ ነው። ጎንህ ያለው ሰው «ችግር የለውም» ቢልህ ቲኬቱን እሱ አይከፍልልህም።

ደግሞ ጅራቱን እይ። ፒንክ ጅራቱ ላይ ትልልቅ ሞላላ ነጠብጣብ አለው፣ ቅርፊቱም ደቃቅ ነው። ጅራቱ ብር መሳይ ከሆነ፣ ነጠብጣቡም ትንንሽ ክብ ከሆነ ትንሽ ቺኑክ፣ ኪንግ የሚሉት ትልቁ የሳልሞን ዓይነት፣ ሊሆን ይችላል። የፒውጀት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከተጠራጠርክ ከውሃ ሳታወጣው ልቀቀው።

የያዝከውን እዚያው ጉሮሮውን ቆርጠህ ደሙን አፍስስና በረዶ ውስጥ ክተት። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ከዋለ ሊጥ ነው። የሚያብለጨልጨውን ውሰድ፣ ጀርባው ጎብጦ የጠቆረውን ወንድ ተወው። ፒንክ ለጥብስ ሳይሆን ለዱለት የሚሆን ዓሣ ነው፣ ሚጥሚጣና ቃሪያ አይወድም ያለህን አትስማ። እኔ ፍልሰታ ውስጥ የያዝኩትን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ከነሐሴ 16 በኋላ ነው የማወጣው። እናቴ ከሐዋሳ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከነጋ ግሪን ላይ ነኝ፣ ከመጣህ ሁለት ሮዝ ዝንብ እሰጥሃለሁ። ዘጠኝ ቁጥሩ ዘንግ ደግሞ አሁንም ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ለኪንግ ሳልሞን የሚወርድ ካለ በግማሽ ዋጋ ይውሰደው።