የአደጋ መዝገቡን አሳዩኝ በያቸው

ደብዳቤው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን የጅማ ልጅ ናት፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢ ጤና ተመርቃ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። አሁን አንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በሴፍቲ ኦፊሰርነት፣ ማለትም በሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪነት፣ ሊቀጥራት ነው። ደመወዙ ደህና ነው። ግን የአጎቷ ልጅ ሌላ ማዕድን ቦታ ላይ እግሩ ተሰብሮ ቤት ከዋለ አራት ወሩ ነው። እናቷም «ቡና ለቅመሽ ብትኖሪ ይሻለኛል» ብለዋል። እሷ የምትለው፦ «ቦታው ደህና መሆኑን ሳልገባ በምን ልወቅ?»

እህቴ፣ ከእናትሽ ጋር አላጣላሽም። ቡና መልቀምም ወገብ ይቆርጣል፣ እሱን ግን እሳቸውም ያውቁታል።

ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ የአደጋ መዝገቡን አሳዩኝ በያቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሥራ ላይ አደጋን መመዝገብና ለመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። «እኛ ጋ አደጋ የለም» ካሉሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ውጪ። ካሳዩሽ ደግሞ «ምክንያት» የሚለውን ዓምድ እዪ።

ለምን መሰለሽ? እኔ ድሮ አንድ ድንጋይ መፍጫ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ፤ መዝገቡን የምሞላው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት የማጓጓዣውን ቀበቶ የሚያዞረው ክብ ብረት፣ ሮለሩ፣ ላይ ጭቃ ተጣበቀ። ልጁ ማሽኑ እየዞረ በአካፋ ሊጠርገው ጠጋ አለ። ሮለሩ አካፋውን ሳበው፤ የልጁ እጅም አብሮ ሄደ። የሮለሩ መከለያ «ለጽዳት አይመችም» ተብሎ ከወለቀ ወር አልፎታል፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማሽኑን የሚያቆመው ገመድ ተበጥሶ በፌስታል ተቋጥሯል። አለቃዬ ያለኝን ጻፍኩ፦ «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት።» ከዚያ ገጹን ወደ ላይ አየሁት። ሁሉም መስመር ላይ ያችው ቃል ናት። እስክሪብቶው ብቻ ነው የሚለያየው።

ያቺ ቃል ዝም ብላ አይደለም የምትጻፈው። በአዋጁ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስ፣ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ መምጣትም እዚያው ይቆጠራሉ። ተራ መዘናጋት ግን አይቆጠርም። «ጥንቃቄ ጉድለት» የምትለው መመሪያ መጣስንና ተራ መዘናጋትን ታደባልቃለች፤ የሚከስረው እጁን ያጣው ነው።

አንቺ ስትሆኚ መከለያው የት እንደነበር ጻፊ። ገመዱን ጻፊ። ማን እንዲጠርግ እንዳዘዘ ጻፊ።

ለዚህ ደግሞ ሥልጣን ያስፈልግሻል። ሥራ ማስቆም ትችያለሽ? ተጠሪነትሽስ ለማን ነው? ለምርት ኃላፊው ከሆነ እኔ አልወደውም፤ እሱ የሚለካው በቶን ነው። የሥራ መዘርዝርሽ ላይ ሰፍሮ ካላየሽው በቃል ተስፋ አትፈርሚ። የጅማን ዝናብ ለአንቺ አልነግርሽም። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ የጉድጓድ ግድግዳ ጠዋት ጫፉ ላይ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ያን ስታዪ «ዛሬ ማንም አይወርድም» ማለት ካልቻልሽ የተቀጠርሽው ለፊርማ ነው።

መዝገብ ላይ የማይወጣም ጉዳት አለ። የከሰልና የድንጋይ አቧራ ሳንባን የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ አንዴ ጠባሳ ከያዘ አይመለስም። ከድንጋይ የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ለቲቢም ያጋልጣል። ስለዚህ ሲቆፍሩ አቧራውን ለማርጠብ ውሃ ይጠቀማሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የጨርቅ ማስክ የሚያድሉ ከሆነ ደቃቁን አቧራ እንደማያግድ አንቺ ተምረሽዋል። አደገኛ ሥራ ላይ ላሉት የጤና ምርመራ የሚከፍለውም አሠሪው ነው።

እኔ ብሆን እነዚህ ከተሟሉ እገባለሁ። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እነሱ አንቺን ሲያዩ አንቺም እያቸው።

የአጎትሽ ልጅስ ክፍያውን አግኝቷል? እግሩ የተሰበረው በሥራ ላይ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይገባዋል። በድርጅቱ ሰርቪስ ሲመላለስ የደረሰበት ቢሆንም ያው ነው። የሐኪም ማስረጃውን ይዞ ሥራና ክህሎት ቢሮ (ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል የነበረው) ይሂድ። ይርጋ አለው፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም፣ ሰኞ ጠዋት ውሰጂው።