ጥለቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን

ሰላም ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የሐረር ልጅ «ስፌት ልጀምር ነው፤ የትኛው ጥለት ይቀለኛል?» ብላ ብትጠይቀኝ የቆየ ቁጭቴ ተቀሰቀሰ። ጀጎል ውስጥ ሐረሪዎች ሞይ ጋር የሚሉት ቤት ነበር። ልጃገረዶች በስፌት ከታወቀች ሴት ዘንድ ይሰበሰባሉ፤ ትንንሾቹ የትልልቆቹን እጅ እያዩ ለሠርግ የሚሆነውን ሰፌድና ሙዳይ ይሰፋሉ። የጥለቱ ቁጥር በቃል ይሄዳል እንጂ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ሞይ ጋር እየቀረ ሲሄድ ብዙው ቁጥር አብሮ ቀረ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ደስ ይላል። ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰፌድ ስንት ስንት ተቆጥሮ እንደተሰፋ ማን መዘገበው? ይሄ ያንገበግበኛል።

አሮጌ ሰፌድ ያላት አያት ያለቻችሁ አስፈቅዳችሁ አውርዱት። ከእምብርቱ ጀምራችሁ ዙሩን፣ ቀለሙን፣ የጥምጥሙን ብዛት ደብተር ላይ ጻፉ። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ፎቶ ላይ ጠርዙ ስለሚደበዝዝ ቆጠራው ይሳሳታል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰፌድ እየዞረ የሚሰፋ የሣር ጥቅል ነው፤ ውስጡ አክርማ፣ ላዩ ላይ የሚጠመጠመው የተሰነጠቀ ስንደዶ። ጥቅሉ 5 ሚሊ ሜትር ከወፈረ፣ ሰፌዱ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ አዲሱ ዙር ካለፈው በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንዱ ጥምጥም 3 ሚሊ ሜትር ከያዘ፣ በየዙሩ 10 ጥምጥም ይጨመራል ማለት ነው። ባለ 5 ቅጠል አበባ ብትሰፉ ለእያንዳንዱ ቅጠል 2 ይደርሰዋል፤ ያለችግር ይሄዳል። ባለ 8 ካደረጋችሁት ግን 10 ለ8 እኩል አይካፈልም። ትርፉን በየዙሩ ቦታ እየለዋወጣችሁ ካልደለደላችሁት አንዱ ቅጠል ይወፍራል፣ አበባውም ይጣመማል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ የጥቅሉ ውፍረት ካልተለወጠ ነው። አክርማው ከማለቁ በፊት አንድ ሁለት ዘለላ እየሰገሰጋችሁ ሂዱ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ካለቀ እዚያ ላይ ይሰረጉዳል፣ በኋላም አይቃናም።

ወስፌው ያለፈውን ዙር ላይ ላዩን ብቻ ይያዝ። ጠልቆ ከገባ የተሰፋውን ስንደዶ ይበጥሰዋል። አዲሱን ዙር ከልክ በላይ ከሳባችሁት ጠርዙ ሽቅብ ይነሣና ሰፌዱ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ካላላችሁት ደግሞ ይንሻፈፋል።

ስንደዶው ክረምት ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ተመዝዞ የደረቀ ይሁን። ልትሰፉ ስትሉ ውኃ ነከር አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ደረቁን ከጠመጠማችሁት ይሰነጠቃል፤ ተዘፍዝፎ ያደረው ደግሞ ያብጥና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጥምጥሙ ይላላል። አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን ሣር ማለቴ ነው፣ ከመስፋታችሁ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ውኃው እስኪጠራ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። አለበለዚያ ሰፌዱ እርጥበት ያገኘው ቀን ቀዩ ወደ ነጩ ይገባል።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፤ ሦስት ዙር ሳይሞላ ፎቶ ትለጥፋላችሁ። በስንደዶ ፋንታ የማዳበሪያ ከረጢት ክር ይዛችሁ ስትመጡም አልወድም፤ ይንሸራተታል፣ ጥቅሉን ጨምቆ አይዝም። ቢሆንም ለልምምድ እሱን ተጠቀሙ። ተፈትቶ ደግሞ ይጠመጠማል፣ ስንደዶም አይባክንም፤ ቆጠራ ለመልመድ እንደውም እሱ ይሻላል።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ያለ ቀለም ይሁን። 10 ዙር ስትሞሉ በማስመሪያ ለኩት፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። 11 ከሆነ ጥቅላችሁ ወፍሯል፣ 9 ከሆነ ሳስቷል፤ ፈትታችሁ እንደገና ጀምሩ። ልኩ ከመጣላችሁ ለመጨረስ አክርማውን ባንዴ አትቁረጡት። የመጨረሻው ስንዝር ላይ አንድ አንድ ዘለላ እየቀነሳችሁ አቅጥኑት፣ ጫፉን ካለፈው ዙር ጋር አብራችሁ ጠምጥሙ፣ የስንደዶውን ጭራ በወስፌ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ትርፉን ቁረጡ።